በቃለ ጉባኤ የተመረጠው ፍሬምወርክ

ጥቅምት 9፣ ጠዋት 3፡00

የሸዋ ቤንች ቡና መረከቢያ ጣቢያ መዝገብ ገብቷል። የቴፒ መንገዱ ጣቢያ ገና። እዚያ ዝናብ ነው፣ ኔትወርክ የለም። አልደነግጥም። መተግበሪያው መዝገቡን ስልኩ ውስጥ ያቆያል፣ ኔትወርክ ሲመጣ ይልካል። የማን ቡና፣ ከየትኛው ጫካ፣ መቼ የተለቀመ። የሠራሁት እኔ ነኝ። ያለፈውን የለቀማ ወቅት ሙሉ ሠርቷል።

ናታን ትናንት ከአ.አ. መጣ። የምሠራበት የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ የቀጠረው የሶፍትዌር አማካሪ ነው። መተግበሪያውን አልከፈተም። በምን ፍሬምወርክ፣ በየትኛው ዝግጁ የኮድ ማዕቀፍ ጻፍሽው አለ። በቪዩ አልኩት፤ ስመ ጥሩው ግን ሪአክት ነው። ፈገግ አለ። ደብተሬ፣ ያቺን ፈገግታ አልወደድኳትም።

ጥቅምት 11፣ ከምሳ በኋላ

ናታን የኮዴን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለጥፎታል። የአገሩ ፕሮግራመር ሁሉ ያለበት ግሩፕ ላይ። ስሜን አልጻፈም፤ ከተማዬን ብቻ፦ «ከሚዛን የተገኘ ጉድ»። ከሥሩ፦ «ሚዛን ላይ ኮድ ይጻፋል እንዴ?» «እህታችን ቡናዋን ብትለቅም አይሻላትም?» «ቁም ነገረኛ ሰው በሪአክት ይጽፋል።»

መተግበሪያው ምን እንደሚሠራ የጠየቀ የለም። አንድም ሰው።

ከሳቁት መካከል የዩኒቨርሲቲ መምህሬ አለ። የመመረቂያ ሥራዬን ያረመው። ስሙን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ጥቅምት 12

ላንቺ እውነቱን ካልጻፍኩ ለማን እጽፋለሁ? ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ እዚያው ግሩፕ ላይ እኔም ስቄያለሁ። አንድ የማሻ ከተማ ልጅ ጊዜው ባለፈበት ጄኩዌሪ የሠራውን አሳይቶ ነበር። «የሙዚየም ዕቃ» አልኩት። ዛሬ ያን አስተያየቴን ፈለግኩት፤ አሁንም አለ። ልጁ ከዚያ ወዲህ ግሩፑ ላይ አንድ ቃል አልጻፈም።

ይቅርታ ጠየቅኩት። ረስቼዋለሁ አለኝ። አልረሳም።

ጥቅምት 16፣ 10፡00

ሸዋ ቤንች። የናታን አዲሱ መተግበሪያ ሙከራ። በሪአክት የተጻፈ፣ መልኩ ያማረ። እዚህ አልከፈት አለ። ነጭ ገጽ ብቻ። ገበሬው ቀይ ቡናውን ተሸክሞ ተሰልፏል።

መዝጋቢዋ ወ/ሮ ወርቅነሽ ስልኩን ወደ ሰማይ አንስታ ጠበቀች፣ ጠበቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ይሄኛው ኩሩ ነው፣ ራሔልዬ። እንደ ሹም ደጅ ያስጠናል!» ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። የኔን ከፈተችና መዘገበች።

ፍርድ አላጓድልም። ጥፋቱ የሪአክት አይደለም። በሪአክትም ያለ ኔትወርክ የሚከፈት መሥራት ይቻላል። ናታን አልሠራውም፤ ጣቢያውን ሳያይ ነው የጻፈው። ስነግረው፣ ኔትወርክ የኔ ሥራ አይደለም አለ።

ጥቅምት 19፣ ከስብሰባ መልስ

በንዴት ነው የምጽፈው።

ኮሚቴው ፍሬምወርክ እጅ በማውጣት መረጠ። አዎ፣ እንደ ወንበር ግዢ። ናታን የግሩፑን አስተያየቶች አትሞ አደለ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ግርማ፣ ስመ ጥሩውን እንያዝ፣ ሰው ምን ይለናል አሉ። የገበሬዎቹ ተወካይ ጋሽ ከበደ ፍሬምወርክ ምንድነው ብለው ጠየቁኝ። የቤት ማገር በሉት አልኳቸው። «ማገርማ ከተመረገ በኋላ ማን ያየዋል? ቤቱ ያፈሳል ወይ?» አቶ ግርማ ነገሩን ወደ ድምፅ አሳለፉት። እጅ ወጣ፤ ሪአክት አለፈ። ተቃውሞ አንድ፣ የእሳቸው። እኔ ድምፅ የለኝም።

ቃለ ጉባኤው እንዲህ ይላል፦ የቀድሞው ሥራ በጥራት ጉድለት ምክንያት ተቀይሯል፤ ባለሙያዋም አምናበታለች።

አላመንኩም!

አቶ ግርማ ለብቻዬ ጠሩኝ። በለሰለሰ ድምፅ። ፊርማ ብቻ እኮ ነው ልጄ። ውልሽ በዚህ ወር ያልቃል፤ የማይፈርም ሰው ውል እንዴት አድርጌ አሳድሳለሁ። እስከ ነገ አስቢበት።

ሥራዬን እወደዋለሁ። እዚህ ከተማ ሌላ እንዲህ ያለ ሥራ የለም።

ጥቅምት 20፣ ጠዋት 2፡30

አሰብኩበት።

ሪአክት ተማሪ ቢሉኝ እማራለሁ። የናታንን ነጭ ገጽ አስተካክዪ ቢሉኝም አስተካክላለሁ፤ ወ/ሮ ወርቅነሽ እንድትቸገር አልፈልግም። ያልበላሸውን ተበላሸ ብዬ ግን አልፈርምም። ያ ወረቀት ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሁሉ ያነበዋል።

ቃለ ጉባኤ ከፊርማዎቹ በታች የልዩነት ሐሳብ መጻፊያ ቦታ አለው። ጋሽ ከበደ ትናንት በር ላይ ጠብቀው ነገሩኝ፤ ማንም አይጠቀምበትም እንጂ መብት ነው አሉ። ረቂቁ ይኸው፦

«በቃለ ጉባኤው አልተስማማሁም። መተግበሪያው ባለፈው የለቀማ ወቅት አንድም ቀን አልቆመም። የተቀየረው ስለተበላሸ ሳይሆን ስላፈራችሁበት ነው። ራሔል።»

«ስላፈራችሁበት» የሚለውን ላለዝበው? አይሆንም፣ ይቆይ።

ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውንና ማኅተሙን ይዛ ቢሮዬ ገባች። አቶ ግርማ ከኋላዋ ናቸው። የት እንደምፈርም በጣታቸው እያሳዩኝ ነው። እኔ ግን ከታች ነው የምፈርመው፣ ከልዩነት ሐሳቤ ሥር።