የድምፅ ሠራተኛዬ ያልኩሽ ሴት

ውድ ማቪስ፣

ደብዳቤ ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አብረን ስንኖር ወረቀት አላስፈለገንም፤ ከተለያየን በኋላ ደግሞ በምን እንደምጀምር አላወቅኩም። ልደውልልሽ አስቤ ነበር። ግን ታውቂኛለሽ፣ ስልክ ላይ ዝም እላለሁ፤ አንቺም «ዴልፊን፣ መተንፈስሽን ብቻ አሰሚኝ» ትይኝ ነበር። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው። የምነግርሽ ባለፈው እሁድ ስለሆነው ነገር ነው፤ እዚያ ለመድረስ ግን በእናቴ ፍሪጅ በኩል ማለፍ አለብኝ።

ቺካጎ ላይ በፊልማችን የተሸለምንበትን ምሽት እንዳልረሳሽው አውቃለሁ። መድረክ ላይ ወጥቼ የቀረጽናቸውን የብረት ማቅለጫ ሴቶች አመሰገንኩ፣ እናቴን አመሰገንኩ፣ ገንዘብ የሰጡንን አመሰገንኩ። ከዚያ «የድምፅ ሠራተኛዬን ማቪስ ቶሊቨርንም አመሰግናለሁ» ብዬ ወረድኩ። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ አልጋ ከተኛን በኋላ። ሆቴል ስንገባ አልጮህሽም። ልብስሽን ሻንጣ ውስጥ እያጣጠፍሽ፣ «ሴቶቹን ካሜራ ፊት እያስቀመጥሽ እውነቱን አውጡት ትያቸዋለሽ፤ እነሱም ያወጡታል። ተራው አንቺ ጋ ሲደርስ ግን ካሜራው ይጠፋል» አልሽኝ። ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኩሽ። «አንድ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ምንሽ እንደነበርኩ ተናገሪ። እኔ ባልኖርም ግድ የለኝም።» ከዚህ ሌላ ምንም አልጠየቅሽኝም። እኔም አልመለስኩልሽም፤ አንቺም ሄድሽ።

ዝምታዬ ከየት እንደመጣ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። በሃያ አራት ዓመቴ የቴሌቪዥን ጣቢያ ወለል እጠርግ ነበር። ጣቢያው ያረጀውን የዜና ፊልም እያወጣ የሚጥልበት ጊዜ ነበር። ከቆሻሻው ውስጥ ቁርጥራጩን እየለቀምኩ፣ ካፖርቴ ስር ደብቄ ወደ ቤት እወስደዋለሁ። የማላውቀውን ሰው እጅ ከማላውቀው ሰው ፊት ጋር በማጣበቂያ እየቀጠልኩ፣ በመስኮት ብርሃን እያየሁ፣ ለምን አንዱ ከአንዱ ጋር እንደሚስማማ፣ ሌላው ለምን እንደሚጣላ ተማርኩ። አንድ የሙያ መጽሐፍም አግኝቼ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ አርባ ገጾች የሉም። ስለዚህ ፊልም እንዴት እንደሚጀመር ሳላውቅ እንዴት እንደሚጨረስ አወቅኩ። ቢያዩኝ ያባርሩኝ ነበርና የምወደውን ነገር ደብቆ ማውጣት ለመድኩ። ልማዱ ከጣቢያው ከወጣሁ በኋላም አልለቀቀኝም።

የመጀመሪያ ፊልሜን፣ የሴት አውቶቡስ ሹፌሮቹን፣ በማኅበራቸው አዳራሽ አንሶላ ሰቅዬ ያሳየሁ ቀን አንቺ የመጣሽው ድምፅ ማጉያውን ልትጠግኚ ነበር። ቆመሽ እስከ መጨረሻው አየሽ። ሁሉም ሲያጨበጭብ አንቺ ወደ እኔ መጥተሽ፣ «ምስሉ ጥሩ ነው። ድምፁ ግን ሴቶቹ ባልዲ ውስጥ ገብተው የሚያወሩ ነው የሚመስለው» አልሽኝ። ተናደድኩ። በማግሥቱ ሴቶቹን ከባልዲው ልታወጪልኝ መጣሽ፤ ከዚያም አልሄድሽም። ያንን ፊልም እንደ አዲስ ሠራነው፤ ከዚያ አራት ሌሎች ሠራን።

ምን ዓይነት ዓመታት ነበሩ ማቪስ። ቢሮ ገብተን ስንቀመጥ ሰዎቹ ሁሉ እጃቸውን የሚዘረጉት ለክሊፈርድ ነበር፤ መብራት ተሸካሚያችን እሱ ብቻ ወንድ ስለነበረ። «ዳይሬክተሩ እርስዎ ነዎት?» ሲሉት፣ «እኔ አምፖል ነኝ፤ አለቃዬ ያቻትላችሁ» ይላቸው ነበር። ጥቁር መሆኔንና ሴት መሆኔን ገና በሩን ሳልፍ ያዩታል። ሦስተኛውን ግን እኔ ካልነገርኳቸው አያዩትም። እኔም፣ የሁለቱ ሸክም ይበቃኛል፣ ሦስተኛውን ለምን ልጨምር፣ እል ነበር። ሸክም ያልኩት አንቺን መሆኑን ያወቅኩት ከሄድሽ በኋላ ነው።

እናቴ ደግሞ አለች። እናቴን ታውቂያታለሽ፤ ኧርነስቲን ሃርግሮቭ፣ የቤተ ክርስቲያናችን የአስተናጋጆች አለቃ፣ ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ጓንት፣ በር ላይ ቆማ በጣቷ ብቻ መቶ ሰው የምታስቀምጥ። ማይክራፎኑን በረጅሙ ዱላ ስለምትይዢ «ዱላ ያዢዋ» ትልሽ ነበር። እቤቷ ስንቀርጽ የፍሪጁ ድምፅ እንዳይገባብን አጥፍተሽው የመኪናሽን ቁልፍ ውስጡ ታስቀምጪ ነበር፤ ፍሪጁን መልሰሽ ሳታበሪ መሄድ እንዳትችይ። ይህን ዘዴ ከማን እንደተማርሽው ሳልጠይቅሽ ቀረሁ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሁለት ፊልሞች ሠራሁ። ክፉ አልነበሩም፤ ግን ቀዝቃዛ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በፊት አስተናጋጆቹን መቅረጽ ጀመርኩ። የደቡቡን እርሻ ትተው፣ በፋብሪካና በሰው ቤት ሲሠሩ ሰንብተው፣ እሁድ ያንን ጓንት ሲያጠልቁ ማንም የማያዛቸው ሴቶች። የመጨረሻውን ቀረጻ፣ የእናቴን፣ ብቻዬን አደረግኩት። ባለፈው ዓመት አንድ ዓርብ ቀን ወጥ ቤቷ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራችኝ፤ እንደዚያ አውርታኝ አታውቅም። ደስታዬ ሲያሰክረኝ ካሜራዬን ሰበሰብኩ፣ ግንባሯን ሳምኩ፣ መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ።

በዚያ እሁድ ጠዋት ደወለች።

«ዴልፊን» አለችኝ። «ለአርባ ሰው የሚሆን ዶሮ ሸተተ።»

የአስተናጋጆቹ ዓመታዊ ምሳ የዚያን ዕለት ነበር። ዶሮው፣ የድንች ሰላጣው፣ ስድስት የፓይ ኬክ፣ ሁሉም እኔ ለቀረጻው አጥፍቼ ባላበራሁት ፍሪጅ ውስጥ። እናቴ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዓርብ ማታ እህቷ ዘንድ ሄዳ ቅዳሜን እዚያ ስለዋለች አላየችውም። ስደርስ የጎማ ጓንት ሰጠችኝና ጎን ለጎን ቆመን ማውጣት ጀመርን።

«ቁልፍሽን ለምን ፍሪጁ ውስጥ አላስገባሽም?» አለች በመጨረሻ።

ይህን ከየት አወቅሽ አልኳት።

«ቅቤዬ አጠገብ የሰው ቁልፍ ሲቀመጥ አላይም? በመጀመሪያው ቀን አእምሮዋን የሳተች መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ምክንያቱን ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ ቦታ እለቅላት ነበር።» ዶሮውን ከረጢት ውስጥ ጣለችው። «ዱላ ያዢዋ እያለች እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። የት ሄደች?»

የድንች ሰላጣውን ሳህን ወደ እኔ ሳብኩ።

«ዝም አትበይኝ። ዶሮዬን ሁለተኛ ጊዜ ገድለሽብኛል፤ ቢያንስ መልስ ስጪኝ።»

እጄ የድንች ሰላጣ ውስጥ ነበር። «እማ፣ ማቪስ ሠራተኛዬ አልነበረችም» አልኳት። «የምወዳት ሴት ነበረች። ያጣኋትም መናገር ስለፈራሁ ነው።»

እናቴ ፎጣውን አንስታ እጇን ጠረገች፤ አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት። ልትወጣ ነው ብዬ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አርባ ሁለት ዓመት በር ላይ ስቆም ምን የማይ ይመስልሻል?» አለችኝ። «ማን ከማን ጋር እንደመጣ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ። አብረው የመጡትን አብሬ አስቀምጣለሁ። እናንተን ግን ለየብቻ አስቀመጥኳችሁ፤ አብረን ነን ስላላልሽኝ።»

«ብነግርሽ ምን ትይኝ ነበር?»

«አንድ ወር እጮህብሽ ነበር።» ትንሽ አሰበች። «ሁለት ወር። ከዚያ ይደክመኝ ነበር። ያንን ሁለት ወር ፈርተሽ ሃያ አምስት ዓመት ልጄን ሳላውቃት አኖርሽኝ።» ደግሞ ቀጠለች፤ «አሁን ደስ ብሎኛል ማለቴ እንዳይመስልሽ። የምጸልይበት ነገር አለኝ። በዚያ ላይ ዶሮው አለ።»

ዶሮ ገዝተን ተመለስንና እስከ ምሳ ሰዓት ጠበስን። ስትቆጣኝ ዋለች፤ በእያንዳንዱ ዶሮ አንድ አንድ ቁጣ። እኔ ግን እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም። ነገር ግን አንቺ የጠየቅሽኝ እናቴን አልነበረም። ሰው በተሰበሰበበት ነው ያልሽኝ።

ፊልሙ ተጠናቆ ያለፈው እሁድ፣ ከአምልኮ በኋላ በዘጠኝ ሰዓት፣ መሀል ከተማ ባለው ትልቁ አሮጌ ሲኒማ ቤት ታየ። ዘጠኝ መቶ ሰው። ባርኔጣውን ብታዪው፤ ከኋላ የተቀመጠው ሰው አንገቱን እንደ ዝይ እያስረዘመ ነበር የሚያየው። ሁሉም አስተናጋጆች በነጭ ቀሚሳቸውና በጓንታቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ራሳቸውን ሲያዩ ሳቁ፣ የሞቱባቸውን ሲያዩ አለቀሱ፣ በመጨረሻ ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሠላሳ ዓመት ስሠራ እንደዚያ ያለ ጭብጨባ ሰምቼ አላውቅም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፊልሙ ጥሩ ነው። ከሠራኋቸው ሁሉ ይበልጣል።

ከዚያ የጥያቄ ሰዓት ሆነ። ዲያቆን ዌንደል ፊች፣ ሁልጊዜ ረጅም የሚጸልየው፣ ተነሣና፣ «እህቴ፣ ይህን ሥራ ማን አስተማረሽ?» አለኝ። የቆሻሻ ቅርጫቱን ታሪክ ነገርኩት። ለዓመታት ከሌላ ጥያቄ ያተረፈኝ ታሪክ ነው፤ ሰው ይስቃል፣ እኔም እወርዳለሁ። ሳቁ። ማይክራፎኑን ልትቀበለኝ አንዲት ልጅ እጇን ዘረጋች። ክንዴ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ ልሰጣት ነበር። አልሰጠኋትም።

«ፊልም መቀጠልን ከቆሻሻ ቅርጫት ተማርኩ» አልኩ። «መስማትን ያስተማረችኝ ግን ማቪስ ቶሊቨር ናት። በአምስት ፊልሞቼ መጨረሻ የድምፅ ሠራተኛ ብዬ ጽፌአታለሁ። የምወዳት ሴት ነበረች። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ ቤት ኖረናል፤ ይህን ጮክ ብዬ ስላልተናገርኩ አጣኋት። ሴት የምወድ ሴት ነኝ። የዚህች ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነኝ። አሁን ያያችሁትንም ፊልም የሠራሁት እኔው ነኝ።»

እንደዚያ ያለ ጸጥታ አንቺ ብቻ ነሽ መቅረጽ የምትችይው። መሀል ላይ አንድ ባልና ሚስት ካፖርታቸውን ይዘው ሊወጡ ተነሡ። ይሄኔ እናቴ ከፊት ወንበሯ ብድግ አለች። በዚያ በደከመ ጉልበቷ መተላለፊያውን ወጥታ የረድፋቸው ጫፍ ላይ ቆመች፤ በጸሎት ሰዓት ሰው እንዳይንቀሳቀስ እንደምታደርገው መዳፏን ወደ ላይ አደረገች። ሰዎቹ ተቀመጡ። ከኋላ አንዱ መሳቅ ጀመረ፣ ሌላው ተከተለ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ፣ ማቪስ፣ በሙሉ ባይሆንም አብዛኛው፣ እንደገና ተነሥቶ አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲበርድ ዲያቆን ፊች ገና እንደቆመ ነበር። «ጥያቄዬ ተመልሷል» አለና ተቀመጠ።

ይህን የምጽፍልሽ እንድትመለሺ አይደለም። ኦክላንድ ውስጥ ከባለቤትሽ ጋር ደህና እየኖርሽ እንደሆነ ክሊፈርድ ነግሮኛል፤ ከልቤ ደስ ብሎኛል። በጥቅምት አምስቱም ፊልሞቻችን እዚህ ሙዚየም ውስጥ በተከታታይ ይታያሉ። የመጨረሻ ጽሑፋቸውን በእጄ እያስተካከልኩ ነው፤ «ፊልም፦ ዴልፊን ሃርግሮቭና ማቪስ ቶሊቨር» ይላል። የማይስማማሽ ከሆነ ጻፊልኝ። የሚስማማሽ ከሆነም ጻፊልኝ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። አዳራሹ ባዶ ሲሆን አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት፣ ወይን ጠጅ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ክንዴን ያዙኝ። «ጓደኛዬ መኪና ውስጥ ናት፤ ደረጃ አትወጣም። ወርደሽ ሰላም ትያታለሽ?» አሉኝ። ወረድኩ። ፀሐዩ ገና አልጠለቀም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ መንገድ ዳር ቆሞ እያወራ ነበር። መኪናው ውስጥ ጭናቸው ላይ ብርድ ልብስ ያደረጉ ሌላ አሮጊት ተቀምጠዋል። ባለባርኔጣዋ የመኪናውን በር ከፈቱና ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቺ ኢሞጂን ትባላለች» አሉ። «ባለቤቴ ናት። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሆነን።»

ኢሞጂን የሴትዮዋን እጅጌ ጎተት አደረጉ። «ሉሲል፣ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማሻል።»

«ይስማ» አሉ ሉሲል፤ ከመጀመሪያው ይበልጥ ጮክ ብለው።

ለአሥራ ሁለት ዓመት ያንቺ የነበረችው፣
ዴልፊን ሃርግሮቭ
ዲትሮይት