ሳክስፎኑን ለቆራሌው እንዳትሰጪው

የትናየት፣
ይህ አሮጌ ሳክስፎን ዳግመኛ ድምፅ ያወጣ ይሆን? አላውቅም። ለተሰበረው የቁልፉ ሞላ ምትክ ፍለጋ ጎንደር ሄጃለሁ።

መስኮቱን አትክፈቺ። ቤቱ እንደሚያፍን አውቃለሁ፤ ግን ፀሐይ ካገኘው ቁልፎቹ ሥር የለጠፍኩት ቆዳ ይላቀቃል።
ቆዳው ከቦርሳሽ የተቆረጠ ነው። ሌላ ቦርሳ አመጣልሻለሁ።

«ህንድ ድረስ ሄደሽ ተምረሽ መጥተሽ ቆርቆሮ ትፈትጊያለሽ» ብለሽኛል። አዎ፣ እፈትጋለሁ። ለቆራሌው ከሰጠሽው ግን ቤቱን ለብቻሽ ያዥው።

ጋሽ ኢድሪስ ከካርቱም ጦርነት ሲሸሹ ልብስ እንኳ ሳይዙ ይህን ሳክስፎን ተሸክመው ነው መተማ የገቡት። ልጃቸውን ፍለጋ ድንበሩን ተሻግረው ወደ ሱዳን ሲመለሱ ለእኔ የሰጡኝ እንድነፋው ነው።

ባለፈው ሳምንት «የቁልፎቹን ቆዳ ለጥፌ ጨርሻለሁ። ልጅዎን አገኙት?» ብዬ ጻፍኩላቸው።
እስካሁን አልመለሱልኝም።