ጉንዳኗ በስሜ ተጠራች

እትአበባ፣ ስሜን የቀሙኝ አማቴ ወይዘሮ አያሉሽ ናቸው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርና ሰላምታዬ ይከተል። እህቴ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እናንተ ዘንድ ሐይቅ ከተማ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነበር? እኛ እዚህ ጉቶ ጊዳ በቆሎው ደርሶልን ደህና ነን። ባሌ ሰማኸኝ ካረፈ ወዲህ እናቱን የምጦር እኔው ነኝ፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን እንደ ጥንቱ ነው።

አሁን ጉዱን ስሚ። ገላና የሚባል የነቀምት ልጅ፣ ጉንዳን የሚያጠና አስተማሪ፣ ከጓሮዬ ድንጋይ ሲያነሳ እስከ ዛሬ ማንም ያልመዘገባት ጉንዳን አገኘ። የራሷ ሠራተኛ የላትም፤ ሌሎች ጉንዳኖች ቤት ገብታ እያጎረሷት ትኖራለች፣ ልጆቿንም እነሱው ያሳድጉላታል። ሥራዬን ትቼ አጠገቡ ቁጢጥ አልሁ። ለምን አያባርሯትም ብዬ ብጠይቀው፣ እየታከከቻቸው ጠረናቸውን ትወስዳለች፣ ከዚያ በኋላ የራሳቸው ትመስላቸዋለች አለኝ። የቤቱ ንግሥትስ ስለው፣ እንግዳዋ አትገድላትም፣ የንግሥቲቱ ጀርባ ላይ ትወጣለች አለ። እኛ ቤት ግን የምትታዘለው ንግሥቲቱ ናት አልሁት።

እኔንም በሙሽርነቴ አማቴ ቅቤ ቀቡኝና፣ አባታችን ያወጣልኝን ወለላን ጥለው ድንቅነሽ አሉኝ። ሙሽራን ማን ይጠይቃል? ዛሬ ወለላ የምትዪኝ አንቺ ብቻ ቀርተሻል።

ገላና፣ ጓሮው የእርስዎ ነውና በስምዎ ልሰይማት አለኝ። መጀመሪያ ተቆጣሁ፤ እኔ የማንን እንጀራ ቁጭ ብዬ በላሁ? ስድብ አለመሆኑን፣ እንዲህ ያለችው ብርቅ መሆኗን አስረዳኝ። በእነሱ በአጥኚዎቹ ሕግ ደግሞ የሚጸናው መጀመሪያ የወጣው ስም ነው፤ ሌላ ሰው በኋላ መጥቶ ደስ ያለኝን ልበላት ቢል አይሰማም አለ። ይህችን ነገር ደጋግሜ አስነገርሁት።

“እንግዲህ አዴ ድንቅነሽ፣ በዚሁ ልጻፋት?” ሲለኝ፣ “እሱ የአማቴ ነው፤ እኔ ወለላ ነኝ” አልሁት። በእርጅናዬ በቆጠርሁት ፊደል ራሴ ጻፍሁለት።

አሁን ታትሞ ወጥቷል። በፈረንጅ ፊደል ነው፣ ከኋላውም ጭራ ቀጥለውበታል፤ ግን ወለላ ነው። አማቴ ሲሰሙ፣ “ድሮስ ለተባይ እንጂ ለሰው አይሆንም ብዬ አልነበር?” አሉ።

ለባለቤትሽ ለሠርፀ ሰላም በይልኝ፤ ወገቡን ከብርድ ይጠብቅ። ልጆችሽን ሳሚልኝ። አዲሷን ምራትሽን በአባት በእናቷ ቤት ስሟ ጠርተሽ፣ አክስትሽ ሰላም ብላሻለች በያት።

የአማቴን ምሳ አቀርባለሁ፣ እግራቸውንም አጥባለሁ፤ ድንቅነሽ ብለው ሲጠሩኝ ግን ከእንግዲህ አቤት አልልም።

እህትሽ ወለላ
ጉቶ ጊዳ፣ ነቀምት አጠገብ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.