ቀለሙ ስለ ተፋቀው የፈተና ብረት

ለክቡር የሙያ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ወንበርዎ ጀርባዎን ሳይቆረቁረው፣ ማኅተም የሚጨብጠው ቀኝ እጅዎም ቁርጥማት ሳይደርስበት፣ በሙሉ ጤንነት ይሰነብቱ ዘንድ የዘወትር ምኞቴ መሆኑን በትሕትና እገልጻለሁ። እኔ አርባ ዓመት ሰዋስው ሳስተምር ዕድሜዬን የጨረስኩ ሽማግሌ ስሆን፣ ክቡርነትዎን በአደባባይ ለማመስገን የተነሣሁት በብየዳ ሙያ ለፈቃድ ተፈትና ስለ ወደቀችው የልጅ ልጄ ነው፤ ምስጋናዬም በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ስላልሆነ በቁጥር ከፋፍዬ አቀርበዋለሁ።

፩ኛ. ጽሕፈት ቤትዎ ዕውቅና የሰጣቸውን ሁለት የሙያ ትምህርት ቤቶች በሰሌዳ ለጥፎ ምርጫውን ለእኛ ስለ ተወልን አመሰግናለሁ። እኔ ወለሉ የሚያብረቀርቀውን፣ ተማሪው እሳትን በጠመኔ እየሣለ የሚመረቅበትን ወድጄ ነበር፤ እርሷ ግን የሁለቱንም ቤት መምህራን እጅ እየዞረች ከጨበጠች በኋላ፣ በዚያኛው ቤት የቃጠሎ ጠባሳ ያለበት አንድም መዳፍ እንዳላገኘች ነግራኝ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ያለውን የቆርቆሮ ቤት መረጠች። በዚያ የሚያስተምሩት፣ ፍንጣሪ ቅንድባቸውን ስለ በላው ተማሪዎቻቸው በቀልድ «ጋሽ ቅንድቡ» የሚሏቸው አዛውንት፣ የተበየደ ብረት የሚመረመረው በዐይን፣ ያውም ራቁቱን ሳለ መሆኑን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲደጋግሙላት ኖሩ። ይህ ትምህርት ለእርስዎ ፈተና እንደማይጠቅም አላወቁም ነበርና ይቅርታ ያድርጉላቸው።

፪ኛ. ስለ ፈተናውም አመሰግናለሁ። ተፈታኞቹ ጧት ሁለት ሁለት ቁራጭ ብረት በይደው እንዳስረከቡ፣ ከሰዓት በኋላ እንግዶች ይጎበኙታልና ደስ የሚል መልክ ይኑረው ተብሎ፣ ፈታኞቹ ገና ሳያዩት ሥራው ሁሉ አረንጓዴ ቀለም እንዲቀባ ክቡርነትዎ አዘዙ። ከዚህ የበለጠ እኩልነት ከወዴት ይገኛል? የተዋጣለትም፣ እንደ ፈሰሰ ገንፎ የተጨማለቀውም፣ አንድ ዐይነት ልብስ ለብሰው በአንድ ጠረጴዛ ተደረደሩ፤ ፈታኞቹም ከብረቱ ምንም ማንበብ ቢያቅታቸው የጽሑፍ ፈተናውን አንሥተው በፊደል አጣጣል ነጥብ ሰጡ፤ እኔ የቋንቋ ሰው ነኝና በዚህ መደሰት በተገባኝ ነበር። የልጅ ልጄ ግን ተራዋ ሲደርስ የሽቦ ብሩሽ አንሥታ የራሷን ብረት ቀለም ፋቀችና ሥራዋን እንዲያዩላት ለመነች። እነርሱም ዐይናቸውን ሳያሳርፉበት የጽሕፈት ቤቱን ንብረት አበላሽታለች ብለው ጣሏት።

፫ኛ. ይህችን ቁጥር ያለ ምስጋና እንዳልፋት ይፍቀዱልኝ። አባቷ፣ ማለትም ልጄ፣ ግንበኛ ነበር፤ የቆመበት የብረት መወጣጫ መጋጠሚያው ተገንጥሎ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ሞተ። መወጣጫውን የበየደው ባለ ፈቃድ ነበር፤ ቀለሙም አዲስና ያማረ ነበር። የተገነጠለውን ብረት ከመሬት አንሥታ፣ አገላብጣ፣ ከቀለሙ ሥር ብየዳው ያልነካውን ክፍተት ያየችው ይህችው ልጅ ናት፤ ያን ጊዜ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። በያጅ እሆናለሁ ያለችውም ከዚያ ቀን ወዲህ ነው፤ እኔ እንደ እኔ አስተማሪ ሁኚ ብዬ ብለምናትም አልሰማችኝም።

ይግባኝ ብንል ጽሕፈት ቤትዎ በርኅራኄ መለሰልን፤ ቀለሙን በመፋቋ መጸጸቷን በፊርማዋ ካረጋገጠች በሚቀጥለው ወር እንደገና እንድትፈተን፣ ካልፈረመች ግን ለአምስት ዓመት እንድትታገድ። የውሃ ማጠራቀሚያ ጋን የሚሠራ አንድ ድርጅት ቦታ ይዞላት ይጠብቃት ነበርና፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ መሆኑን እያወቅሁ፣ ብዕሩን በእጇ ያስጨበጥኳት እኔው ነኝ፤ ይህንንም ስጽፍ አፍራለሁ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ ብዕሩን መልሳ ሰጠችኝ።

«አባባ፣ መፈረሙስ ቀላል ነው፤ ግን ነገ ሰው የሚቆምበትን ብረት ስበይድ፣ ይህን የፈረመ እጅ እንዴት ብዬ ልመነው?»

አርባ ዓመት የሰው ዐረፍተ ነገር ሳርም ኖሬ፣ በዚህኛው ላይ የሚታረም አላገኘሁበትም። ቦታውን ብረቱ አረንጓዴ ሆኖ ለቀረ ሌላ ሰው ሰጡት፤ እርሷ አሁን በአንድ ሱቅ ምስማር እየመዘነች ትሸጣለች፤ ማታ ስትገባም ስለ ብረት አታወራም። እኔም አልጠይቃትም።

ያልተፈረመውን ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዤ፣ እንደ ተሰጠን ንጹሕ ሆኖ ስመልስ፣ ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት ከጽሕፈት ቤትዎ ቀለም ባላነሰ ውፍረት የተቀባ መሆኑን በማረጋገጥ ነው።

የአንዲት ፈቃድ የለሽ በያጅ አያት

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፦ የጽሕፈት ቤትዎ ዋና በር ማጠፊያው ተገንጥሎ፣ ዘንድሮ ፈቃድ ያገኙት ሁለት ሰዎች ሞክረውት ስላልሆነላቸው፣ አንድ ሳምንት በድንጋይ ተደግፎ መሰንበቱን ያውቃሉ። ጥበቃው ቤታችን ድረስ መጥቶ ቢለምናት፣ በሩ በሰው ላይ እንዳይወድቅ ብላ ቅዳሜ ሄዳ የበየደችው የልጅ ልጄ ናት። ያለ ፈቃድ ሠርታለች ብለው ለመክሰስ ማስረጃ ቢያስፈልግዎ፣ ማስረጃው ደጅዎ ላይ ቆሟል፤ ቀለም ቀቢው ከመድረሱ በፊት ግን፣ እባክዎ፣ ጎንበስ ብለው አንድ ጊዜ ይዩት።