በቁመቴ ልክ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

ሰላምታዬ ደጃፍሽ ካለው ዋንዛ ሥር ፀሐይ እየሞቅሽ ሳለ ይድረስሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? የኅዳር ብርድ ገብቷልና ይጠዘጥዝሽ ይሆን? ጥቁሯ ላምስ ወለደች ወይስ ዛሬም ነገ እያለች ታስጠብቅሻለች? እኔ ከናፍቆትሽና ከመቀመጫዬ በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱ ሳይሽ ይወጣልኛል፤ መቀመጫዬ ግን አራት ቀን ሙሉ የሳይክል ኮርቻ ላይ ከርሞ እስከ ዛሬ ወንበር ሲያይ ይደነግጣል። ያለምወርቅ ይህን ስታነብልሽ እንደምትስቅ አውቃለሁ። ትሳቅ፤ ግን የእህቴ ልጅ የከበዳትን ቦታ እየዘለለች የማንበብ አመል አለባትና ዛሬ አንድም መስመር እንዳትዘል ንገሪልኝ።

እናቴ፣ ደርሻለሁ! ሌላውን ከማውራቴ በፊት ይህን ስሚና እልል በይ። ልጅሽ ከደብረ ኤልያስ ከደጃፍሽ ተነሥቶ፣ ደብረ ማርቆስን አልፎ፣ ጮቄን ተሻግሮ ዲማ ጊዮርጊስ ደጅ ቆሟል። መኪና አልነካም፣ በቅሎ አልነካም። ጎረቤታችን ጋሽ እንዳላማው አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ ስለት በሳይክል ሲሄድ ገና ዛሬ አየሁ ብሎ መሳቁን አልረሳሁም። ያለምወርቅ፣ ይህቺን ቦታ ጮክ ብለሽ አንብቢያት፤ እሱም ይስማ።

ከመነሣታችን በፊት ባለው ቀን፣ ጓደኞቼ አንሙትና ገዳሙ ዶሮሽን ሲጨርሱልሽ፣ አንቺ ክር ይዘሽ መጥተሽ ቁም አልሽኝ። ከተረከዜ እስከ አናቴ ለካሽኝና ክሩን ደራርበሽ ሰም ነከርሽው፤ በቁመቴ ልክ ጧፍ ሆነ። ፊቴን አይተሽ ምን ሆንህ ብለሽኝ ነበር። ምንም አልኩሽ እንጂ ሆኜ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ በሽታው ጥሎኝ፣ ግራ እግሬ አልታዘዝ ባለኝ ሰሞን፣ ተኝቼ ሳለሁ እንዲሁ በክር ለክተሽኛል። ልጅ ብሆንም ሰው ተኝቶ የሚለካው ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር፤ አባቴን ሲለኩት አይቻለሁ። በማግስቱ እኔን ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘሪቱ ትተሽኝ ጠፋሽ። ስምንት ቀን ሙሉ ወደ በሩ ሳይ ከርሜ ስትመለሺ፣ ለቅሶ ሄጄ ነው አልሽኝ። ለመቃብር ለክታኝ፣ ስሞት ላለማየት ሸሸች ብዬ ይህን ሁሉ ዓመት ቂም እንደያዝኩብሽ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ላንቺው ተናገርኩ።

ሌላም አለ። ኅዳር በመጣ ቁጥር፣ ለዲማ ጊዮርጊስ ልጄ ከዳነ በእግሩ ይመጣል ብዬ የተሳልኩት ስለቴ ሳይደርስ እንዳልሞት ትዪኛለሽ። አምና ሲመረኝ፣ አንቺ ተሳልሽ፣ አንቺ ሂጂ፣ እኔ እግር የለኝም አልኩሽ። ያን ጊዜ ጉልበትሽ ከቤት ደጅ እንኳ የማያወጣሽ ሆኖ ሳለ! አንዲት ቃል አልመለስሽልኝም፤ ተነሥተሽ እሳቱን ቆሰቆስሽ። የዚያን ዕለት ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር። በሳይክል እሄዳለሁ ብዬ የተነሣሁት ያ ዝምታሽ ዓመቱን ሙሉ ስለቆጠቆጠኝ ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስ በእግሬ ከገበያው እስከ ሳይክል ጥገና ቤቴ ስሄድ ሁለት ጊዜ ማረፌን ታውቂያለሽ። ኮርቻ ላይ ከወጣሁ ግን ማን አንካሳ፣ ማን ደህና እንደሆነ የሚለይ የለም።

የመጀመሪያው ቀን ደብረ ማርቆስ ድረስ አቧራ ከመብላት በቀር ችግር አልነበረውም። ያዘገየን ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ባየን ቁጥር እንወርዳለን፣ እንሳለማለን፣ እንወጣለን። ጎጃም ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የሌለበት ጉብታ የላትም! አንሙት እንደምታውቂው አፉ አያርፍም፤ ከተቀመጥንበት የወረድንበት ይበልጣል እያለ ሲያስቀን ዋለ።

በሁለተኛው ቀን ወደ ሮብ ገበያ ሽቅብ ወጣን። ከአንድ ወንዝ ዳር በሶ ጨብጠን ስንበላ ገዳሙ ነገር አመጣ። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው፣ አስተማሪ ቢሆንም ክርክር ካላገኘ በሶም አይወርድለት። እናትህ በእግር ብለው ከተሳሉ በእግር ነው፣ ይህ መንኮራኩር ነው፣ በቅሎ እንኳ አራት እግር ይዛ በሷ የመጣ ሰው በእግሩ መጣ አይባልም አለ። አንሙት በሶው አፉ ውስጥ እንዳለ፣ በቅሎ የምትበላው ሳር ነው፣ ይህ ሳይክል የሚበላው የሱን ጉልበት ነው ብሎ መለሰለት። ሁለቱ ተሳሳቁ። እኔ ግን በሶዬን አስቀመጥኩ። ይህን ሁሉ ለፍቼ ስለቱ አልደረሰም ብባል ምን ብዬ ፊትሽ እቆማለሁ? ከዚያ በኋላ በየአቀበቱ ይህን ብቻ ሳስብ ነበር።

ሦስተኛው ቀን የጮቄ ቀን ነው። ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ተኝቶ ነበር፤ የፍሬኑን እጀታ ስጨብጠው ጣቴ ተጣበቀ። ከገብሱ እርሻ በላይ ጅብራ የሚሉት ረጅሙ የደጋ ተክል ብቻ ነው የቆመው፤ አየሩም ሳስቶ ትንፋሽ ያጥራል። አንሙትና ገዳሙ፣ እነዚያ ባለ ሁለት ደህና እግሮች፣ ወርደው ሳይክላቸውን መግፋት ጀመሩ። እኔ አልወረድኩም። ማርሹን ወደ ቀላሉ አወረድኩና ቀኙ ሲደክም በግራው፣ ግራው ሲደክም በቀኙ፣ እየተጠማዘዝኩ ወጣሁ። ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ማጭዳቸውን እንደያዙ ቀና ብለው፣ በለው! በለው! ይሉኝ ነበር። ልጅሽ ጮቄ አናት ላይ ቀድሞ ደረሰ፣ እናቴ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጓደኞቼን ስጠብቅ እንባዬ መጣ፤ አንሙት ሲደርስ ነፋሱ ነው አልኩት። እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። አንቺ ባጠገቤ ብትሆኚ ብዬ ነበር።

ትዕቢት ግን ሳይውል ሳያድር ይቀጣል። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ለቅቄ ስበር የፊት ጎማዬ ከጠጠር ላይ ተንሸራተተና ከነሳይክሌ ተገለበጥኩ። ደም አልበዛም፣ አትደንግጪ፤ የግራ ጉልበቴ ነው ያበጠው። ቀድሜ ያየሁት በነጠላ ተጠቅልሎ ጀርባዬ ላይ የታሰረውን ጧፍ ነው። ነጠላውን ስፈታው ሰሙ ብዙ ቦታ ተሰነጣጥቋል፤ ክሩ ግን አልተበጠሰም። አንሙት የተበጠሰውን የሳይክሌን ካቴና በድንጋይ ቀጥቅጦ ሲቀጥል፣ ገዳሙ ሰሙን በመዳፉ እያሞቀ አንድ በአንድ አጣበቀልኝ።

በአራተኛው ቀን፣ ኅዳር ሰባት፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ በደብረ ወርቅ በኩል ብቸና ደረስን። ከብቸና ወደ ዲማ ሲገባ የጓደኛዬ የገዳሙ ክርክር አላስቀምጥ አለኝና፣ ቢያንስ ይህቺን በእግሬ ልሂዳት ብዬ ሳይክሉን ለአንሙት ሰጠሁ። አንድ የጤፍ ማሳ እንኳ ሳላልፍ ጉልበቴ ከዳኝ። መንገዱ ዳር ቁጭ አልኩ። ስለት የሚሄዱ አሮጊቶች ሳይቀሩ እያለፉኝ እግዜር ይማርህ አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት አፍሬ አላውቅም። ሳይክሉን ያመጣልኝ ማን ይመስልሻል? ገዳሙ ነው። ይቅር በለኝ፣ አፌን ሙጫ ባጣበቀው ኖሮ፣ ተነሥና ውጣ አለኝ። ወጣሁ።

ደጀ ሰላሙ ላይ መርጌታ ወልደ ሰንበት የሚባሉ ሽማግሌ አገኘን። ገዳሙ ነገሩን አንድ ሳያስቀር ነገራቸው፤ መንኮራኩሩንም፣ በቅሎዋንም፣ የጤፍ ማሳውንም። መርጌታ ሳይክሉን ዞረው አዩትና ይህን የሚያዞረው ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። እግሬ ነው አልኳቸው። የትኛው እግርህ አሉኝ። ሁለቱም ስላቸው፣ የተሳሉለትን አሳየኝ አሉኝ። እናቴ፣ ግራ እግሬን ለሰው እንደማላሳይ ታውቂያለሽ፤ ወንዝ እንኳ ከሰው ጋር አልወርድም። የዚያን ዕለት ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰበሰብኩ። ጎንበስ ብለው አበጥ ያለውን ጉልበቴን፣ የቀጠነውን ባቴን አዩና ቀና አሉ። ባለጉዳዩ እግር ራሱ ይኸው መጥቶ ቆሞ ሳለ በምን መጣህ ብለን እንከራከራለን እንዴ? ግባ ልጄ፣ ስለትህ ደርሷል አሉኝ። ገዳሙ እግራቸው ላይ ወደቀ። የተረታ ተከራካሪ እንዲያ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም።

ያለምወርቅ፣ ከዚህ በታች ያለውን ጎረቤት በሌለበት አንብቢላት።

ጧፉን ከነጠላው አውጥቼ ስዘረጋው፣ ምዕመናኑ የሚያመጡትን ጧፍ የሚቀበሉ እማሆይ አመተ ማርያም የሚባሉ አሮጊት መነኩሲት ቀርበው ርዝመቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። ከወዴት መጣህ አሉኝ። ከደብረ ኤልያስ ስላቸው ፊቴን ብዙ አዩኝ። ከዚያ፣ የልጁን ድሮ ተቀብለናል፣ ይህ የጎልማሳው ነው አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ዘመኑ ቢርቅም አልረሳሁትም አሉኝ፤ አንዲት ሴት ጫማዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከደብረ ኤልያስ በባዶ እግሯ መጣች። ሁለት ክንድ ከስንዝር የሆነች ጧፍ ይዛለች። ልጄን ተኝቶ የለካሁት ይህ ነው፣ ቆሞ የሚለካውን እሱ ራሱ በገዛ እግሩ ያመጣዋል ብላ አበራችና ሳታድር ተመለሰች። እግሯን ያጠብኳት እኔ ነኝ፣ ተረከዟ ተሰነጣጥቆ የታጠበችበት ውሃ ቀልቶ ነበር አሉኝ።

የሴትዮዋን ስም ያስታውሱ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ጧፉ ሲነድ ቆሜ አየሁት። እስኪያልቅ ልቆም ፈልጌ ነበር፣ ግን ቁመቴ ቀላል አይደለምና ጓደኞቼ ራበን አሉኝ።

እናቴ፣ ያ ለቅሶ የማን እንደነበር አልጠይቅሽም። አምና ያን ክፉ ቃል ስናገርሽ ለምን እሳቱን ብቻ እንደቆሰቆስሽም አልጠይቅሽም። አንድ ነገር ብቻ ትዝ ይለኛል። ከለቅሶው የተመለስሽ ዕለት እግርሽን ጨው ውሃ ውስጥ ነክረሽ ተቀምጠሽ ነበር፤ ምን ሆንሽ ብልሽ ጫማው ጠብቦኝ ነው አልሽኝ።

የፊታችን ቅዳሜ እመጣለሁ፣ በሳይክሌ ነው። ያለምወርቅ ውሃ አሙቃ በሰፊው ገበቴ ታቅርብልኝ፣ ጨውም ትጨምርበት። ለኔ እንዳይመስልሽ። እግርሽን እኔው ነኝ የማጥብሽ፤ በዚህስ እንዳትከራከሪኝ፣ ከገዳሙ ጋር የተከራከርኩት ይበቃኛል።

እስከዚያው የዲማው ጊዮርጊስ ከቤትሽ አይራቅ፤ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፤ ላሟንም በሰላም ያገላግልልሽ። ያለምወርቅን ሳሚልኝ። ጋሽ እንዳላማውንም ሰላም በይልኝ፣ ቂም የለኝም።

በቁሙ የተለካው ልጅሽ