አሥር ከአሥር የሰጠኸው ፊልም

አባዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና መጠየቅ ወግ ነው። ላንተ እንደዚያ ብዬ ብጀምር ከተኛህበት ሆነህ ይቺ ልጅ ዛሬም ቀልዷን አልተወችም ትለኛለህ ብዬ ፈራሁ፤ ስለዚህ እሱን አልፌዋለሁ። ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህንም አውጥተናል። ሰው ከመብዛቱ የተነሣ የራኩባው ዳስ ጥላ አልበቃ ብሎ ጎረቤት ግቢ ድረስ ተቀመጠ። ብትኖር ደስ ባለህ ነበር፤ ወይም እንደ ልማድህ ትራክተሯን አይቻት ልምጣ ብለህ ውልቅ ትል ነበር።

የጻፍኩልህ ግን ድግሱን ልነግርህ አይደለም። ሦስት ፊልም አይቻለሁ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ዓመት ሙሉ አንድም አላየሁም ነበር፤ ለምን እንደሆነ ኋላ እነግርሃለሁ። አሁን በሁለት ወር ሦስት አየሁ፣ ለሦስቱም ነጥብ ሰጠሁ፣ የሚሟገተኝ ሰው ግን አጣሁ። ነጥብ ሰጥቶ ዝም ብሎ መቀመጥ እንዴት እንደሚያንገበግብ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ጣራው ላይ ሶላር አስገጥመናል። እዚህ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ መብራት እንግዳ ሆኗል፤ ሲመጣ ልጆቹ እልል ይሉለታል። ልጆቹ ያልኩህ የኡስታዛ ሰልማ ናቸው። ጦርነቱ ከካርቱም ያፈናቀላት አስተማሪ ናት፤ ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር ያንተ ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። እማዬ ክፍሉን ልስጣቸው ስትል አኩርፌ ሁለት ቀን አላናገርኳትም። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ያንተ የገመድ አልጋ ላይ ተቃቅፈው ተኝተው ሳያቸው በራሴ አፈርኩ። ገመዱ ረግቦ ነበር፤ አዲስ አስጠልፈንለታል። እማዬን ጉልበቷን ያማታል፣ ምላሷ ግን ደህና ነው። እኔም ያው ፋርማሲው ውስጥ ነኝ። የመድኃኒት ወረቀት ሲመጣልኝ የተጻፈውን እንዳለ አነባለሁ፤ አንዲት ፊደል አልጨምርም፣ አልቀንስም። አትሳቅ።

አሁን ወደ ፊልሞቹ። የመጀመሪያው የህንድ ነው፣ ስለ አንድ ጥጥ ገበሬ። ሰውዬው ሠላሳ ዓመት መሬት ገፋሁ ብሎ ያለቅሳል። እጁን አየሁት፤ አባዬ፣ የሙሽራ እጅ ነው! ጥፍሩ ውስጥ ለመድኃኒት የሚሆን አፈር የለም። ያንተ ሕግ ትዝ አለኝ፦ ገበሬ ሆኖ እጁ ንጹሕ ከሆነ ሁለት ይቀነሳል። ይባስ ብሎ ትራክተር ላይ ወጥቶ ፍሪሲዮን ሳይረግጥ ማርሽ አስገባና እየዘፈነ ሄደ። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ጮህኩ፤ እማዬ ጊንጥ የነደፈኝ መስሏት ጫማዋን አነሣች። አምስት ሰጠሁት፤ አምስቱም ለትንሿ እኅቱ ነው፣ እሷ በዓይኗ ብቻ ሰው ታስለቅሳለች። አንተ ሦስት ትሰጠው ነበር። ለትራክተሩ ስትል ብቻ።

ሁለተኛው የግብፅ ነው። አንድ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሠርግ ሊሄዱ ሲሉ ሙሽራው አሳንሰር ውስጥ ይቀረቀራል። ፊልሙ በሙሉ ይኸው ነው፤ ሙሽራው ውስጥ ሆኖ ይጮኻል፣ ውጭ ያሉት ማን ቁልፉን እንደጣለ ይጣላሉ። እማዬ ሻሿ እስኪወድቅ ሳቀች። ሰባት ሰጠሁ። አንተ ግብፆች ወሬ ያበዛሉ ብለህ አትወዳቸውም ነበር። ዓረብኛቸውን ከኔ እኩል ትሰማ ነበር፣ ማንም እንዲያነብልህ አያስፈልግህም ነበር። አሁን አሁን የማትወዳቸው የነበረው በዚሁ ምክንያት ይሆን እንዴ እያልኩ እጠረጥርሃለሁ።

ሦስተኛው የኛው ነው፣ የአዲስ አበባ። ያቺ የማታልቅ የሀብታም ልጅ አሁንም ድሃ ወደደች። ደግሞ ሲሳሳሙ ዘነበ። አባትየው አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ እንደ በሬ ሲያጓራ ቆይቶ መጨረሻ ላይ በሁለት ደቂቃ ይቅር አለ፤ እንዲህ የሚታረቅ አባት ካለ አምጡና አሳዩኝ። ስድስት ሰጠሁት፣ እሱም ለቤት ሠራተኛይቱ ብዬ ነው፤ አራት ቃል ተናግራ ሁሉንም በልጣ ሄደች። ኡስታዛ ሰልማ አብራን አየች። አማርኛ ስለማትሰማ እኔ በዓረብኛ እነግራታለሁ፤ ማርያምን፣ ከራሴ ምንም አልጨመርኩም። እምብዛም። እሷ ግን ምን እንዳለች ታውቃለህ? ከአምስት ኮከብ ሦስት ኮከብ! ያንቺ ስንት ኮከብ ነው ትለኛለች። እኔ የትራክተር ነጂ ልጅ ነኝ፣ በኮከብ አልደራደርም አልኳት። በኛ ቤት ከአሥር ነው፤ አሥር ራሱ ደግሞ አይሰጥም። ለምን ስትለኝ ያንተን ቃል ነገርኳት፤ አሥር የእግዚአብሔር ነው፣ ሰው ከደከመ ዘጠኝ ይበቃዋል ትል እንደነበር። ወደድኩት አለች።

አባዬ፣ እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዓመት ሙሉ ፊልም ያላየሁበትን ልናዘዝልህ ነው።

ዘጠኝ ዓመቴ እያለ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በቴሌቪዥን የህንድ ፊልም ይመጣ ነበር። አንተ ከዶካ እርሻ መጥተህ፣ ጆሮህ ሥር ገና የሰሊጥ ማሳው አቧራ እያለ፣ እግርህን ዘርግተህ ትቀመጣለህ። በመሃላችን የተቆላ የሐብሐብ ፍሬ አለ። ህንዶቹ በቋንቋቸው ሲያወሩ ከታች በዓረብኛ ይጻፋል። አንተ ዓረብኛውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለህ፣ ማንበብ ግን አልተማርክም። ስለዚህ እኔ እያነበብኩ በአማርኛ እነግርሃለሁ። ጎረቤቱን ሁሉ ልጄ አንባቢ ናት ብለህ ሞልተኸዋል።

ጽሑፉ ግን ከኔ ዓይን ይፈጥን ነበር። አንዱን ስይዝ ሦስቱ ያመልጡኛል። አንተ ዓይንህን ሳትነቅል ምን አለች ትለኛለህ። አልደረስኩበትም ማለት ለኔ ሞት ነው። እና ፈጠርኩ። መጀመሪያ የዋሸሁህ ቀን አንዱን ፖሊስ ሐኪም ነው ብዬህ ነበር። ግማሽ ላይ ሽጉጥ አወጣ። ሐኪም እንዳይዘረፍ መንግሥት ይሰጠዋል አልኩህ። ሰው ተኮሰ። በሽተኛው መድኃኒት አልወስድም ብሎት ነው አልኩ፤ ጉድ ፈላ ብዬ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። አንተ ስምንት ሰጠህ። ጥሩ ፊልም ነው፣ ሐኪሙ ግን ቁጡ ነው አልክ።

ካደግኩ በኋላ ማንበቡ አላቃተኝም፤ ልማዱ ግን አልለቀቀኝም። አንተ ስታለቅስ ማየት አልወድም ነበር። ስለዚህ በኔ ፊልም እናት አትሞትም፣ የጠፋ ወንድም ይገኛል፣ ዓይነ ስውሯ ታያለች። ሬሳ ተሸክመው ሲሄዱ ካሳዩ ጎረቤት ነው እላለሁ። አንተ ሐሙስ ከዶካ መጥተህ ቅዳሜ ስትመለስ እኔ ሳምንቱን ሙሉ እጨነቅ ነበር። በእርሻው ማደሪያ፣ ካምቦው ውስጥ፣ ከሠራተኞቹ ጋር ስታርፍ ፊልሙን እንደምትተርክላቸው አውቃለሁ። ከነሱ መሃል ማንበብ የሚችል ቢኖርና ይህ ሁሉ ውሸት ነው ብሎ ቢያሳፍርህስ? አንድ ቀን ተቆጥተህ ትመጣለህ ብዬ በር በሩን አያለሁ። አንተ ግን ሁልጊዜ እየሳቅክ ትመጣለህ፣ ሌላ ፊልም ትለኛለህ።

ከዚያ ኩላሊትህ ታመመ። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት አልጋህ አጠገብ ተቀምጬ በስልኬ ነበር የምናየው። ያንን ስለ ልብስ ሰፊው የሚናገረውን የህንድ ፊልም አንተው ራስህ ነህ አምጪ ያልከኝ። ሱቅ ሄጄ ሚሞሪ ላይ አስጫንኩልህ። ልብስ ሰፊው ከተማ የገባች ልጁን ፍለጋ በባቡር ይሄዳል፤ ሳያገኛት መንገድ ላይ ይታመማል፤ ጣቢያው ላይ ስትደርስ ሞቶ ታገኘዋለች። መጨረሻው እንዲህ መሆኑን ያወቅሁት እዚያው አብረን እያየን ነው። ልጅቷ በስክሪኑ ላይ አባቷን አቅፋ እሪ ትላለች፤ እኔ ደስ ብሏት ነው የምታለቅሰው አልኩህ። ደክሞት ተኝቷል፣ አሁን ይነሣል፣ ወደ ቤት ይዛው ትሄዳለች አልኩህ። ፈጠን ፈጠን ብዬ ተናግሬ ስልኩን አጠፋሁት፣ የቀብሩን እንዳታይ።

አንተ ጣሪያውን አየህ። ከዚያ አሥር አልክ። የሰማሁት አልመሰለኝምና ስንት አልኩህ። አሥር ከአሥር ብለህ እጄን ይዘህ ተኛህ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሄድክ። እኔ ዓመቱን ሙሉ በልቤ የተሸከምኩት ያንን አሥር ነው። በሕይወትህ አንድ ጊዜ የሰጠኸውን አሥር በማታለል ወሰድኩ። ሊሞት የቀረበ አባቷን፣ ማንበብ አይችልም ብላ የዋሸች ልጅ ምን ትባላለች? ለንስሐ አባቴ እንኳ መንገር አቃተኝ፤ ስለ ህንድ ፊልም ኑዛዜ ብገባ ይስቁብኛል ብዬ። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ተነሥቼ እወጣ ነበር።

ሙት ዓመትህ ላይ፣ አጎቴ የምለው ዓም ኢድሪስ ከዶካ መጣ። የትራክተሮቹ ጋራዥ ዘበኛ፣ ያ ያንተ ወዳጅ። በዱላ ነው የሚሄደው፣ ግን ላንተ ብሎ በአውቶቡስ ተንገላቶ መጣ። ሰው ሲበተን ሻይ ይዤለት አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ደግ ፊቱን ሳይ አላስቻለኝም፣ ሁሉንም ዘርግፌ ነገርኩት፣ ከፖሊሱ ሐኪም እስከ ልብስ ሰፊው።

አባዬ፣ ሰውዬው ሻዩን አስቀምጦ እስኪያስለው ሳቀ። በዓረብኛው ያ ሰላም፣ ያ ሰላም እያለ ይደነቃል፣ እንባውን በጀለቢያው እጅጌ እየጠረገ። ለካ ሁሉንም ታውቅ ነበር! ለካ ካምቦው ውስጥም ቴሌቪዥን ነበር! አንተ የኔን ፊልም ትተርካለህ፤ ኢድሪስ ደግሞ ያንኑ ፊልም ዓርብ እዚያው አይቶ ካነበበው ጽሑፍ እውነተኛውን ይነግርሃል፤ ከዚያ ሠራተኛው ሁሉ የማን ይሻላል ተብሎ እጅ ያወጣል። የኔ ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ እንጃ፣ አንተ ግን ሁልጊዜ እጅህን ለኔ ታወጣ ነበር አለኝ። ለልጄ የነገራት ወዮለት ብለህ ሁሉንም አስምለሃቸው ነበር። የሐኪሙ ሽጉጥ ዶካ ውስጥ እስከ ዛሬ ይወራል አለኝ።

ከዚያ ሳቁን አቆመና ልብስ ሰፊውን ነገረኝ። ሳትታመም በፊት በነበረው ክረምት፣ ዝናብ ትራክተሮቹን አስሮ ባዋላችሁ አንድ ቀን፣ አብራችሁ አይታችሁታል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቀብሩም ሳይቀር፣ ቃል በቃል አንብቦልሃል። አንተ አለቀስክ፣ ከዚያ ተናደድክ። አባት እንዲህ ብቻውን አይሞትም ብለህ አራት ሰጠኸው።

አራት የሰጠኸውን ፊልም ነው አልጋህ ላይ ሆነህ አምጪልኝ ያልከኝ። መጨረሻውን እያወቅህ። እኔ ምን እንደማደርገው ለማየት።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ባለቀስኩት ልቅሶ እማዬ አዲስ መርዶ የመጣ መስሏት ከጓዳ ሮጣ ወጣች። ግን አባዬ፣ የቀለለኝ ልቅሶ ነው። በሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት ቴሌቪዥኑን እኔው ከፈትኩት። እማዬም መጥታ ተቀመጠች። እሷም ማንበብ አትችልም፤ አባዬ በነበረበት ዘመን ለምን አብረሽን አላየሽም ብላት ያ የናንተ የሁለታችሁ ነበር፣ ምን አገባኝ አለችኝ። አሁን እሷ ምን አለ ትለኛለች፣ እኔ አነብላታለሁ።

አልረሳህም፣ አባዬ። እስካለሁ ድረስ ዓርብ ከሰዓት ያንተ ነው። ያየሁትን ሁሉ እነግርሃለሁ፣ ነጥቤንም እሰጣለሁ፣ ካልተስማማህ በሕልሜ መጥተህ ተሟገተኝ። ዋሽቻለሁ ብዬ ከእንግዲህ አልጸጸትም። የሚቆጨኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቸኮሌ። እያወቅህ እንደምታዳምጠኝ ባውቅ ኖሮ ስልኩን ቶሎ አላጠፋውም ነበር። ልብስ ሰፊውን ከጣቢያው አስነሥቼ፣ ቤቱ አስገብቼ፣ እግሩን አሳጥቤ፣ እራቱን አብልቼ፣ ልጁን አጠገቡ አስቀምጬ፣ እንቅልፍ እስኪወስድህ ድረስ ቀስ ብዬ እተርክልህ ነበር።

ልጅህ