በቁሜ ስለተተከለልኝ ድንኳን እና ስለ ቶክላው ደሴቶች

ለተከበሩ ግራዝማች ይመር፣
የሰፈራችን እድር ዳኛ፣
ኮልፌ፤ ነሐሴ 1961 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናና ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ፣ እድሩን ቅር እንደሚለው ባውቅም፣ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለሁ።

ይህን ደብዳቤ በእድሩ ቤት በር ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ዕድሜ ልኬን ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ፣ አቤቱታዬን በለመድኩት መንገድ፣ የቶክላው ደሴቶችን በምሳሌነት እያነሳሁ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አቀማመጥ። ቶክላው በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል የሚገኙ፣ ከባሕሩ እምብዛም ከፍ ያላሉ ሦስት ትናንሽ ደሴቶች ናቸው። መርከብ የሚጠጋበት ወደብ የላቸውም፤ በአንዱ ላይ ቆሞ ሌላውን ማየትም አይቻልም። የእኔንና የወይዘሮ የኔነሽን ቤት የሚለየው ግን አጥር ብቻ ነው። ይሁንና ባለቤቴ ዘመነች ካረፈች ወዲህ ደጄን የረገጠ ሰው የለም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያለው ሰው ኮልፌ አልኖረም።

ሁለተኛ፣ ስለ አስተዳደር። ቶክላውን የምታስተዳድረው ኒውዚላንድ ናት፤ ጽሕፈት ቤቱ ያለው ደግሞ ሌላ አገር፣ ሳሞአ ነው። ስለዚህ ክቡርነትዎ ፒያሳ ተቀምጠው እድራችንን ሲመሩ፣ ሰው ሲሞት ብቻ ብቅ ማለትዎ አልከፋኝም። የከፋኝ የሐምሌው ነገር ነው። ጉንፋን ጥሎኝ ጥቂት ቀን በሬን ዘግቼ ተኛሁ። ወይዘሮ የኔነሽ ከቤቴ ጭስ ባያዩ ጊዜ ሞቷል ብለው ላኩብዎ፤ እርስዎም ጊዜ ሳያጠፉ ድንኳን አስተክለው ጥሩምባ አስነፉ። ከዚያ ሁሉ ሰው በሬን ያንኳኳ አንድ ስንኳ አልነበረም። የራሴ መርዶ ቀስቅሶኝ ጋቢዬን ደርቤ ብወጣ ግቢዬ በሰው ተሞልቷል። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ከመጣችሁ አይቀር ግቡ፣ ሻይ ላፍላ ብዬ ለመንኩ። አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ ሄዱ። እርስዎም ድንኳኑን እያስነቀሉ እንዲህ አሉኝ፤ «አቶ ወንድይፍራው፣ ድንኳን ለሞት እንጂ ለጉንፋን አይተከልም።» ስለ ትምህርቱ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ኢኮኖሚ። የቶክላው ሰዎች ለገበያ የሚያወጡት የደረቀ ኮኮናት ነው፤ ኑሯቸው ዓሣ ነው። በጋራ ያጠመዱትን ዓሣ ለመንደሩ ሰው ሁሉ ያከፋፍላሉ፤ ታንኳ መቅዘፍ ያቃተው ሽማግሌም ድርሻው አይቀርበትም። የእኛም እድር ድርሻዬን አልነፈገኝም፤ የምቀበለው ከሞትኩ በኋላ መሆኑ ነው ችግሩ። ስለዚህ ለቀብሬ ከተመደበልኝ ሕዝብ ላይ ጥቂቱን በቅድሚያ ይስጡኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ይበቃኛል፤ ከቀብሬም ላይ ይቀነስ። ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል፣ ግራዝማች።

ስላሳዩኝ የችኮላ ርኅራኄ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ባለመሞቴም ስላደረስኩት መጉላላት ይቅርታ እየጠየቅሁ፣

ታዛዥዎ
ወንድይፍራው ሀብተሥላሴ
ጡረተኛ መምህር፣ ለጊዜው ሕያው

ማሳሰቢያ፦ ያን ዕለት ወይዘሮ የኔነሽ ደረታቸውን እየደቁ «ወይኔ ወንድሜን!» ሲሉ በመስኮት ሰምቻለሁ። በደህናው ቀን እንደምን አደርክ ብለውኝ አያውቁም። እባክዎ ይንገሩልኝ፤ ወንድማቸው ከአጥሩ ማዶ ነው።